የኬሞ ሕመምተኛ የሆድ ድርቀት ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እናቴ ኬሞቴራፒ ትወስድ ስለነበር በጤና ዓምዳችሁ ስለ ካንሰር ሕክምና የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላቋርጥ ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ ፀጉር መርገፍ፣ ስለ ማቅለሽለሽና ስለ ደም ማነስ በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ስለ ሆድ ድርቀት ግን ከአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈ ነገር አላገኘሁም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ዝምታ እናቴን ከሞት አፋፍ አድርሷት ስለነበረና ዛሬ ዛሬ ስለ አንጀት ባክቴሪያዎች የሚወራው ወሬ ሕመምተኞችን ወደ ተሳሳተ መንገድ ሲወስድ በገዛ ቤቴ ስላየሁ ነው።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የያዛት ሕመም ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ካንሰር ሲሆን፣ በየ21 ቀኑ ከሚሰጧት አራት መድኃኒቶች አንዱ ቪንክሪስቲን የሚባለው ነበር። የምንኖረው ደብረ ብርሃን በመሆኑ ለእያንዳንዱ ዙር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ እንገባለን፤ መድኃኒቱን ወስዳ በማግስቱ እንመለሳለን። በመጀመሪያው ዙር መልስ መኪናችን ሸኖ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሲወርድ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ከሳምንታት በኋላ ነው ምክንያቱን የነገረችኝ፦ «ውጭ መውጣት አምሮኝ ነበር፤ ግን እንኳን ለመቀመጥ ለመቆምም አቅም አልነበረኝም፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተደግፌ ከምሄድ ልያዘው ብዬ ያዝኩት።» የታከመችበት ሆስፒታል ለትውከቱ መድኃኒት ሰጥቶናል፣ ለሕመሟ ትራማዶል አዞላታል፣ ትኩሳት ከመጣ ቀን ከሌት ሳትሉ ኑ ብሎናል። ሆዷ ቢደርቅ ምን እንደምናደርግ ግን የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሁለተኛው ዙር ነገሩ ባሰ። እስከ አራተኛው ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ሽንት ቤት እንዳልተቀመጠች የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ምግብ ስናቀርብላት «ጠግቤአለሁ» ትላለች፤ እኛ የኬሞው የምግብ ፍላጎት ማጣት መሰለን። በስድስተኛው ቀን ውኃ የመሰለ ሰገራ ሳታውቀው አመለጣት። ደንግጠን በአቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ተቅማጥ ነው ተብሎ ሎፔራማይድ ታዘዘላት። ሎፔራማይድ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። በማግስቱ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ፈስ እንኳ መውጣት አቁሞ፣ አረንጓዴ ትውከት እያስመለሳት አዲስ አበባ አደረስናት። ያ ውኃ ተቅማጥ አልነበረም፤ ጠጥሮ በተቆለለው ሰገራ ጎን ሾልኮ የሚወርድ ፈሳሽ ነበር። ይህን በሽተኛ የሚያስታምም ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ፦ ለብዙ ቀናት ደርቆ የቆየ ሆድ ድንገት ውኃ ቢያወጣ ድርቀቱ ተፈታ ማለት ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም የባሰበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

የዚህ ድርቀት ምክንያቱ ምግብ ወይም የሕመምተኛው ስንፍና አይደለም። መንስኤዎቹ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ በእናቴ ላይ ደግሞ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተረባርበውባታል። ቪንክሪስቲን መጀመሪያ ማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ የደምና የሊምፍ ካንሰር ሕመምተኞችን ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ነርቭ ይጎዳል። የእጅና የእግር ጣቶችን እንደሚያደነዝዝ ሁሉ አንጀትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮችም ያደነዝዛል። ለማስመለስ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን ሴሮቶኒን የተባለው መልእክተኛ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ በመዝጋት ይሠራል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚገኘው ደግሞ አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው፤ የአንጀትን መኮማተርና መዘርጋት ከሚያስነሱት አንዱ ነውና ማስመለሱ ሲቆም አንጀቱም አብሮ ይዘገያል። ሦስተኛው የሕመም ማስታገሻው ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን አንጎል ላይ እንደሚሠሩት ሁሉ የአንጀት ግድግዳ ላይም ይሠራሉ። ሰውነት የሞርፊንን ማደንዘዝና ማስተኛት ከቀናት በኋላ ይለምደዋል፤ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ሕመምተኛው ማስታገሻውን እስከወሰደ ድረስ ድርቀቱም አብሮት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰናንና ላክቱሎስን የተባሉትን የሆድ ማለስለሻ መድኃኒቶች በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ፣ በማስታገሻ ሕክምና ክፍል ያስገባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆስፒታል እንደደረስን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲመክረን የነበረውን ነገር ጠየቅሁ፤ በኢኒማ ለምን አይታጠብላትም? ሐኪሟ ሁለት ምክንያት ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ለአንባቢ ማድረስ ግዴታዬ ይመስለኛል። አንደኛው፣ ቪንክሪስቲን የሚያመጣው ድርቀት ብዙ ጊዜ የሚቆለለው በደንዳኔው የላይኛ ክፍል በመሆኑ በጣት ሲመረመር ፊንጢጣው ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሆድ ራጅ ካልተነሳ ሐኪምም ሊታለል ይችላል፤ ከታች የሚገባው ውኃም ቦታው ላይ ላይደርስ ይችላል። ሁለተኛውና የሚያስፈራው ግን የደም ምርመራዋ ነበር። ኢንፌክሽን የሚከላከሉት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከ500 በታች ወርደዋል። በዚህ ጊዜ በፊንጢጣ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ቱቦም ሆነ ሰፖዚተሪ፣ ስሱን ሽፋን ቢጭረው አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ፤ የሚከላከላቸው የለም። በሌላ ጊዜ ምንም የማያደርገው ጭረት ያኔ ሊገድል ይችላል። በቤት ውስጥ በሳሙና ውኃ የሚደረገውን እጥበት፣ ኮሶውንና የጉሎ ዘይቱን ኬሞ ላይ ባለ ሰው የሚሞክሩ ቤተሰቦች ይህን ሰምተው እንዲተዉ እለምናለሁ።

እናቴ ሦስት ቀን በአፏ ምንም ሳትወስድ በግሉኮስ ቆየች፤ ትራማዶሉ ተቋረጠ፤ አንጀቷ እንዳልተዘጋ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ በውኃ የሚበጠበጥ ማክሮጎል የሚባል ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ ተሰጣት። በአራተኛው ቀን ሌሊት ተፈታላት። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግን የሚያለሰልሰው መድኃኒት ከኬሞው ጋር በአንድ ወረቀት ታዘዘ፤ ሰና ማታ ማታ፣ ላክቱሎስ ጠዋት። ያ ሁሉ ጣጣ በዚህች አንዲት መስመር ቀረ። የቪንክሪስቲን መመሪያ ራሱ ድርቀትን አስቀድሞ መከላከል እንደሚገባ ስለሚናገር፣ የእናቴ ሐኪሞች ያደረጉት አዲስ ግኝት ሳይሆን ከመጀመሪያው ሊደረግ ይገባው የነበረ ነው።

አሁን ወደ ባክቴሪያዎቹ ልምጣ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩና አብዛኞቹ ደንዳኔ ውስጥ እንደሆኑ አስተምራለሁ። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር ከእናቴ የመድኃኒት ጠርሙስ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር። በአራተኛው ዙር ትኩሳት ያዛትና ለሰባት ቀናት ጠንካራ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ተሰጣት። በዚያው ሳምንት ያ ሁሉ ጊዜ በሰዓቱ ሲሠራላት የነበረው ሰናና ላክቱሎስ እንደ ውኃ ሆነባት። የአንድ ሰው ገጠመኝ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ምግብም መውሰድ አቁማ ነበር፣ አልጋ ላይም ነበረች። የክፍሉ ሐኪም ግን ሊሆን የሚችለውን አንድ ምክንያት ሲያስረዱኝ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ትምህርት በአዲስ መልክ ታየኝ።

ሰና ስንውጠው መድኃኒት አይደለም፤ ገና መድኃኒት የሚሆን ነገር ነው። ከስኳር ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ቀጭኑ አንጀት ሳይመጠው ያልፈዋል። ደንዳኔ ሲደርስ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ቆርጠው ይጥሉታል፣ የቀረውንም ለውጠው የአንጀቱን ነርቮች የሚያነቃቃና ውኃ መልሶ እንዳይመጠጥ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይሠሩበታል። ማታ የተወሰደ ሰና ጠዋት የሚሠራውም ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ስለሚፈጅ ነው። ላክቱሎስም እንዲሁ ነው። የሰው አንጀት ሊፈጨው የማይችል ስኳር በመሆኑ ሳይነካ ደንዳኔ ይደርሳል፤ ባክቴሪያዎቹ አብላልተው አሲድ ያደርጉታል፣ ያም ውኃ ወደ አንጀቱ ይስባል። ሆድ የሚነፋውና ፈስ የሚያበዛው በዚሁ መብላላት ነው፤ ለውጡ እስኪታይም አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የባክቴሪያዎቹን እጅ ይጠብቃሉ፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን ሲመታቸው ሥራቸው ሊዳከም ይችላል። ማክሮጎል ግን ራሱ ውኃ ይዞ የሚጓዝ በመሆኑ የማንንም እርዳታ አይጠብቅም። እናቴን ለዚያ ሳምንት ወደ ማክሮጎል መለሷት፤ ሠራላትም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ አስታማሚው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን በራሱ ከማብዛት ይልቅ አንቲባዮቲክ መጀመሯን ለሚያየው ሐኪም ሁሉ መናገር እንዳለበት ነው።

የባክቴሪያዎቹ ድርሻ በዚህ አያበቃም። ከምግባችን የሚተርፈውን አሰር አብላልተው የሚሠሯቸው አሲዶች የደንዳኔን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባሉ፤ በተለይ ቢዩቲሬት የሚባለው የእነዚያ ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራ ጥናት ደግሞ ያለ ምንም ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች በደንዳኔያቸው ያለው ሴሮቶኒን ባክቴሪያ ካላቸው አይጦች ከግማሽ በታች መሆኑን፣ የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው ሴሮቶኒኑም የአንጀታቸው እንቅስቃሴም እንደሚሻሻል አሳይቷል። ኬሞቴራፒ ፀጉርንና ደምን እንደሚጎዳ ሁሉ የእነዚህን ባክቴሪያዎች ስብጥር ያውካል፤ አንቲባዮቲኩ ሲጨመርበት ይብሳል። እንግዲህ አንጀቱ በመድኃኒቱ ሲዘገይ፣ እንዲንቀሳቀስ የሚያግዙትም አብረው ይዳከማሉ ማለት ነው። ነገር ግን ከአይጥ እስከ እናቴ ያለው ርቀት ሩቅ ነው። የትኛውን ባክቴሪያ፣ በምን መጠን ብንሰጥ የኬሞ ድርቀት ይፈታል ለሚለው ጥያቄ ዛሬ ሐኪም ሊያዘው የሚችል መልስ የለም፤ ምርምሩ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ገና ነው።

ይህ ልዩነት በየመድኃኒት ቤቱና በየስልኩ የሚሸጠው ማስታወቂያ ላይ አይታይም። እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» የሚል እሽግ ልገዛ ገብቼ ነበር። ፋርማሲስቷ «ለማን ነው?» አለችኝ። ለእናቴ እንደሆነና ኬሞ ላይ መሆኗን ስነግራት እሽጉን ከባንኮኒው መልሳ አነሳችው። «ነጭ የደም ሕዋሷ የት እንዳለ ሳላውቅ ይህን አልሸጥልህም፤ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቅ» አለችኝ። ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ወጣሁ፤ ዛሬ ባለውለታዬ ናት። እሽጉ ውስጥ ያሉት ሕያዋን ናቸውና መከላከያው በወደቀ ሰው ላይ ከአንጀት ወጥተው ደም ውስጥ የገቡባቸው አጋጣሚዎች በሕክምናው ዓለም ተመዝግበዋል። እንደነዚህ እሽጎች የሚሸጠው ሳካሮማይሴስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾም የመከላከል አቅማቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎችና ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ላላቸው ሰዎች እንዳይሰጥ ተከልክሏል። የጤነኛ ሰው ሰገራ ወደ ሕመምተኛ አንጀት ስለሚገባበት የሰገራ ንቅለ ተከላ የሚወራውንም የሰሙ ይኖራሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ማስጠንቀቂያ ያወጣው መከላከያው የተዳከመ አንድ ሕመምተኛ ከለጋሹ በተላለፈ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከሞተ በኋላ ነበር።

በቤታችን ያለውስ? እርጎ ይሻላታል ያላለን ጎረቤት አልነበረም። ነገር ግን የእኛ እርጎ የሚረጋው ካልተፈላ ወተት ነው፤ ወተቱ ብሩሴላ የተባለውን ባክቴሪያም የሳንባ ነቀርሳንም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ለኬሞ ሕመምተኛ አይሆንም። የእንጀራው እርሾ በሕያዋን የተሞላ ቢሆንም ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። የጤፉ አሰር ግን ከምጣዱ ተርፎ ደንዳኔ ይደርሳል፤ እዚያ የሚኖሩትን የሚመግባቸውም እሱ ነው። እንጀራ በምስር፣ በደንብ የተቀቀለ ጎመን፣ የተላጠ ፍራፍሬ፣ እናቴን በእነዚህ አቆይተናታል። ተልባ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጤነኛ ሰው ድርቀት ፍቱን መሆኑን አያቶቻችን ያውቁታል፤ ሞርፊን ወይም ቪንክሪስቲን ባዘገየው አንጀት ውስጥ፣ ያውም ውኃ በደንብ በማይጠጣ ሰው ላይ፣ ውኃውን ስቦ አብጦ መንገዱን ይበልጥ ሊዘጋው ይችላል። ሐኪሞች ከሞርፊን ጋር አሰር የሚያበዙ መድኃኒቶችን የማያዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኬሞ የሚሰጡ ክፍሎች ቪንክሪስቲን ወይም እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ ባዘዙ ቁጥር የሚያለሰልሰውን መድኃኒት በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሕመምተኛው እስኪደርቅ አይጠብቁ። ሦስት ቀን ሳይቀመጡ ማለፍ ስልክ የሚያስደውል ነገር መሆኑን፣ የሆድ መነፋት ከትውከት ጋር ሲመጣ ወይም ፈስ ሲቆም ደግሞ ለነገ የማይባል መሆኑን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና ሕመምተኛው በሚሰማው ቋንቋ ሁሉ ይንገሩ። የፈንገስ መድኃኒት በሌላ ሐኪም የታዘዘለት ሰውም ኬሞ ላይ መሆኑን ይናገር፤ እነ ኢትራኮናዞል ቪንክሪስቲን ከሰውነት እንዳይወጣ አግደው ጉዳቱን፣ የአንጀቱንም መዘጋት፣ ያከብዱታልና። የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድም አንድ ቀን ሙሉ ገጹን ለዚህ ጉዳይ እንዲሰጥ፣ ባለሙያ ጋብዞ እንዲያጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሁሉንም ከሚቀድመው ግን መጠየቅ ነው። በአምስተኛው ዙር አንዲት ሲስተር የእናቴን የደም ግፊት እየለካች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «እማማ፣ ውጭ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ አየት አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ወጥቻለሁ፣ ትናንትም ወጥቻለሁ» ብላ እሷም ጮክ ብላ መለሰች። ከጎኗ ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ መድኃኒቱ እየተንጠባጠበላቸው የነበሩ ሴቶች ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ሲስተሯ ገና ዞር ሳትል አንደኛዋ፣ «እኔ አምስተኛ ቀኔ ነው» አለች። ሁለተኛዋ ጥቂት ቆይታ፣ ለእናቴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ስምንት ቀን እንደሆናት ነገረቻት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ብርሃን